ጥርኝ ውሃ፦ ፍጹም ያልሆነ ሰው ስለሚሰጠው አገልግሎት

በምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባሉት ደብሮችና አጥቢያዎች፣ እሑድ ጧት ቅዳሴው ወደ ፍጻሜው ተቃርቦ ሥጋ ወደሙ፣ ማለትም ቅዱስ ቁርባኑ፣ በሚታደልበት ሰዓት ወደ ፊት የሚቀርበው ምእመን ከቆመው ሕዝብ ጥቂቱ ነው። ሕፃናት በእናቶቻቸው እቅፍ ሆነው ይቀርባሉ፣ የመነኮሱና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ይቀርባሉ፣ በቁርባን የተጋቡ ባልና ሚስትም ይቀርባሉ፤ በመካከል ያለው አራሽ፣ ነጋዴ፣ ወላጅና ወጣት ግን ነጠላውን እንዳጣፋ በቆመበት ይቀራል። ይህ ከሃይማኖት ቸልተኝነት የመጣ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ምክንያቱም ያው ሰው ረቡዕንና ዓርብን ይጾማል፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ይፈጽማል፣ የበዓል ቀን ሞፈር አያነሣም። ከቁርባን የሚያርቀው የአክብሮቱ ብዛት ነው። ከምግብና ከውሃ 18 ሰዓት መከልከሉ፣ ከንስሐ አባት ፊት ቀርቦ ኃጢአትን መናዘዙ፣ ከጎረቤት ጋር ያለን ቂም መተዉ፣ በሰማንያ ማለትም በምስክሮች ፊት በሚደረግ ውል የተመሠረተውን ትዳር በሥርዓተ ተክሊል ወይም በቁርባን ማጽናቱ፣ ይህ ሁሉ ሲደመር ብዙውን ሰው «ገና አልበቃሁም» ያሰኘዋል። ቶም ቦይልስተን የተባለው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ በጣና ዳር ስለምትገኘው የዘጌ ክርስትና ጽፎ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የምእመናኑ ሃይማኖታዊ ሕይወት በጾም፣ በክልከላና በምግብ ዙሪያ እንዴት እንደተዋቀረ በሰፊው ተመልክቷል።

አልበቃሁም ማለት በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ምእመኑ ወደ ምሥጢሩ በፍርሃትና በዝግጅት እንዲቀርብ ታስተምራለች። አደጋው የሚጀምረው ይህ ስሜት ከመቅደሱ በር ወጥቶ ወደ ሌላው ኑሮ ሲዛመት ነው። ለቁርባን ያልበቃ ሰው ለበጎ ሥራም አልበቃም፣ ራሱን ሳያቃና ሌላውን ሊያግዝ አይችልም፣ ኃጢአቱን ሳይጨርስ ድሃን ቢጎበኝ ግብዝ ይሆናል የሚል አስተሳሰብ ከዚሁ ይወለዳል። ይህ አስተሳሰብ ትሕትናን ቢመስልም፣ የአካባቢውን የራሱን የቆየ ክርስትና ሲመረምሩት የሚገኘው ተቃራኒው ነው። የጎጃም ክርስትና፣ በሕንጻው አሠራር፣ በግድግዳ ሥዕሉ፣ በትምህርት ቤቱና በማኅበሩ፣ ጉድለት ያለበት ሰው ጉድለቱን ይዞ የሚያገለግልበትን ቦታ አስቀድሞ አዘጋጅቷል።

የክብ ቤተ ክርስቲያን ሕንጻ በሦስት ይከፈላል። ታቦቱ ያለበት ውስጠኛው ክፍል መቅደስ ሲባል የሚገቡበት ቀሳውስትና ዲያቆናት ብቻ ናቸው፤ ቆራቢዎች የሚቆሙበት መካከለኛው ክፍል ቅድስት ይባላል፤ ውጫዊው ዙር ደግሞ ቅኔ ማሕሌት ሲሆን መዘምራንና ደብተራዎች ከበሮና ጸናጽል፣ መቋሚያም ይዘው ሌሊቱን የሚያመሰግኑበት ነው። ለክህነት የሚያስፈልገውን የጋብቻ ሥርዓት ያልጠበቀ፣ ወይም ፈትቶ ሌላ ያገባ ሰው ከመቅደስ ይከለከላል፤ ከቅኔ ማሕሌት ግን አይከለከልም፤ በአገሪቱ አሉ ከሚባሉት የዜማና የቅኔ ሊቃውንት ብዙዎቹም ቅስና የሌላቸው ደብተራዎች ነበሩ። ከሕንጻው ውጪ ደግሞ ቅጽሩ አለ፤ በሥርዓቱ ወደ ውስጥ መግባት የማይችል ሰው ከዛፉ ሥር ወይም ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆሞ ያስቀድሳል። ይህ አደረጃጀት የማዕረግ ልዩነትን እንደሚያጸና አያጠራጥርም፤ ሆኖም ከሁሉም ክበብ ውጪ የሚጣል ሰው እንዳይኖርም አድርጎ ተሠርቷል።

የዚህ ትምህርት ከፍተኛው መግለጫ በዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ይገኛል። በዘጌ ልሳነ ምድር የምትገኘው፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተመሠረተች የሚነገርላት ይህች ቤተ ክርስቲያን የመቅደሷን ውጫዊ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የሞላች ናት፤ በዚያም መካከል በላዔ ሰብእ፣ ማለትም ሰው በላው፣ ይታያል። ታሪኩ የተጻፈው በተአምረ ማርያም ሲሆን፣ ይህ የተአምራት መድብል በዓፄ ዳዊት ዘመን (እ.ኤ.አ. 1382–1413) ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰና ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) በአብያተ ክርስቲያናት እንዲነበብ ያዘዙት ነው። እንደ ታሪኩ በቅምር አገር የሚኖር አንድ ሰው ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ሰው በልቷል። ከዕለታት አንድ ቀን ውሃውን ይዞ ሲሄድ በደዌ የተመታ ጥማተኛ ድሃ ያገኛል፤ ድሃው ስለ እግዚአብሔርና ስለ ቅዱሳን ብሎ ቢለምነውም አይሰማውም፤ በመጨረሻ ስለ ማርያም ብሎ ሲለምነው ግን ልቡ ይነካና ጥርኝ ውሃ፣ ማለትም በአንድ መዳፍ የምትያዝ ውሃ፣ ያጠጣዋል። ሰውዬው ሞቶ ነፍሱ በሚዛን ስትቀርብ የበላቸው ነፍሳት በአንድ ወገን፣ ያቺ ውሃ በሌላ ወገን ተቀምጠው፣ በቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት ውሃዋ ትመዝናለች። በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን የኪዳነ ምሕረት በዓል ሲከበር በአጥቢያው ሁሉ የሚተረከው ይህ ነው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚሰበከው ስለ አማላጅነት ሲሆን ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም በታሪኩ ውስጥ ከዚህ ያነሰ ትኩረት ያገኘ ሌላ ነገር አለ፦ ጉድለቱ በሰጪው ሰው ላይ ብቻ ሳይሆን በስጦታው ላይም መኖሩ። በላዔ ሰብእ የሰጠው በደስታ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ ከተለመነ በኋላ ነው። የሰጠውም ያለውን ሁሉ ወይም ግማሹን ሳይሆን የአንድን ሰው ጥም የማታረካ ጥቂት ውሃ ነው። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል አልሠራም፣ ገዳም አልገባም፣ በሽተኛውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ አልወሰደም። በሌሎች የክርስትና ታሪኮች ኃጢአተኛው ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው ፈጽሞ ከተለወጠ በኋላ በሠራው ታላቅ ሥራ ነው፤ ይህ ታሪክ ግን የተቆጠረው ሥራ ራሱ ጎደሎ፣ ዘግይቶ የመጣና በጥርጣሬ የተሰጠ መሆኑን አይደብቅም። ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ በሺህ የሚቆጠሩ ምእመናን ዞረው በሚስሙት ግድግዳ ላይ ይህን ሰው ከሰማዕታትና ከጻድቃን ጎን ማሳየቱ ትልቅ የሃይማኖት ድፍረት ነው፤ ሊከበርም ይገባዋል።

ታሪኩን የሚነቅፉ ሰዎች፣ በተለይም ካለፈው መቶ ዓመት ወዲህ፣ ለኃጢአት ድፍረት ይሰጣል ብለው ይከራከራሉ። ነቀፋው በቸልታ የሚታለፍ አይደለም፤ ምክንያቱም በጥርኝ ውሃ ተስፋ አድርጎ በደሉን የሚቀጥል ሰው በእርግጥ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን በላዔ ሰብእ ውሃውን ሲሰጥ ስለ ሚዛኑ አያውቅም ነበር፤ አስልቶ የሰጠው አንዳች ነገር የለም። በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ በተነገረው የፍርድ ቀን ምሳሌም ጻድቃኑ የተራበውን መቼ እንዳበሉ፣ የተጠማውን መቼ እንዳጠጡ አያውቁም፤ በመገረም ይጠይቃሉ። የሚዛኑን ታሪክ አንብቦ ውሃ በሚዛን ልክ የሚቀዳ ሰው ታሪኩን አልተረዳውም።

የድሃው ልመና ዛሬም በየዕለቱ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ይሰማል። የቆሎ ተማሪ፣ ማለትም ከወላጆቹ ቤት ርቆ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚማር ልጅ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ በየደጁ የሚቆመው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ነው፤ ይህም የበላዔ ሰብእ ድሃ የለመነበት ስም ነው። ዋሸራና ጎንጅ የተባሉት፣ በአገሪቱ የቅኔ ትምህርት ስልት የሰየሙት ጉባኤ ቤቶች በጎጃም የተመሠረቱ ሲሆን፣ ያን ሁሉ ሊቅ ያፈሩት ከመንግሥት ግምጃ ቤት በወጣ በጀት ሳይሆን በዋነኛነት ከገበሬ ሴቶች ሌማት በተቆረሰ እንጀራ ነው። ሰጪዎቹ ቅዱሳን አልነበሩም፤ ከመካከላቸው ከጎረቤቷ የተጣላች፣ ጾሟን የሻረች፣ ለቁርባን ያልቀረበች ሴት መኖሯ አይቀርም። ተማሪው ግን ሰጪዋን ስለ ሕይወቷ አይመረምርም። እንጀራው ትናንት የተጋገረ ወይም ቆሎው ያረረ ሊሆን ይችላል፤ አኩፋዳው ሁሉንም ይቀበላል። በዚህ ሁኔታ የአንድ አገር የዕውቀት ሥርዓት በጎደሎ ሰዎች ጎደሎ ስጦታ ቆሟል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጉባኤ ቤቱ የማስተማር ዘዴም ከዚህ የተለየ አይደለም። ቅኔ የሚማረው ልጅ ቀንና ሌሊት ከጉባኤው ርቆ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም በአእምሮው ያቀናብራል፤ መጀመሪያ የሚሞክረውም ሁለት ቤት ብቻ ያለውን ጉባኤ ቃና ነው። ከዚያ በመምህሩ በየኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ የኔታም ጓደኞቹ እየሰሙ ግሱን፣ ዜማውን፣ ምሥጢሩን ያርማሉ። ያልታረመ ቅኔ ይዞ የመጣ ተማሪ አያፍርም፤ ቅኔው እስኪጠራለት ብሎ ከጉባኤው የሚቀር ተማሪ ግን ትምህርቱን አይዘልቅም። ይህን ዘዴ ያዳበሩ ሊቃውንት ያሉበት ማኅበረሰብ በበጎ ሥራ ጊዜ ለምን ከመጀመሪያው ጥራትን እንደሚጠይቅ ሊመረመር የሚገባው ነው።

የዐቢይ ጾም ስድስተኛ እሑድ ገብር ኄር ይባላል፤ በዕለቱ የሚነበበውም ጌታው ለሦስት አገልጋዮች መክሊት፣ ማለትም ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ገንዘብ፣ ስለሰጠበት ምሳሌ ነው። አምስት የተቀበለው ሌላ አምስት፣ ሁለት የተቀበለው ሌላ ሁለት አትርፈው ሁለቱም አንድ ዓይነት ምስጋና ይቀበላሉ፤ ብዛቱ በምስጋናው ላይ ለውጥ አያመጣም። ሦስተኛው አገልጋይ አልሰረቀም፣ አላባከነም፤ የተቀበለውን መክሊት ሳያጎድል መለሰ። የተፈረደበት ፈርቶ በመቅበሩ ነው። ሥራውን ሁሉ ከስሕተት ለመጠበቅ ሲል ምንም ያልሠራ ሰው በዚህ ምሳሌ ውስጥ ራሱን ማየት ይኖርበታል፤ ፍርሃቱ ከጌታው ጭካኔ የመነጨ ነው ብሎ ማሰቡም የበደሉ አንድ ክፍል ሆኖ ተቆጥሯል።

የአገልጋዮች ጉድለት ጥያቄ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ አዲስ አይደለም። በሰሜን አፍሪካ ከአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ዶናቲስቶች የተባሉ ክርስቲያኖች በስደት ዘመን የደከመ ጳጳስ የሰጠው ምሥጢር አይጸናም በማለት ተለይተው ነበር፤ አቋማቸው እ.ኤ.አ. በ411 በካርታጎ በተደረገው ታላቅ ጉባኤ ተወግዟል። ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ ያልጠፋ መራራ መለያየት ነበር። ለጎጃም ገበሬ ጉዳዩ የሩቅ አይደለም፤ የአጥቢያው ቄስ ጎረቤቱ ነው፣ እንደ እርሱ በሬ ጠምዶ ያርሳል፣ በድንበር ይጣላል፣ ዕዳ ይበደራል። ምሥጢሩን የሚያጸናው መንፈስ ቅዱስ እንጂ የቄሱ ጽድቅ እንዳልሆነ ትምህርቱ ያስረዳል፤ ይህን የሚያውቅ ምእመን በቄሱ ላይ ብቻ ሳይሆን በራሱም ላይ ሲፈርድ መለሳለስ ይገባው ነበር። በሰኔ 24 ቀን የሚታሰበው ሙሴ ጸሊም፣ በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ በአስቄጥስ በረሃ የኖረ የቀድሞ ወንበዴ፣ በአንድ ወንድም ላይ ሊፈርዱ የተሰበሰቡ መነኮሳት ሲጠሩት በቀዳዳ ቅርጫት አሸዋ ተሸክሞ እንደመጣ፣ አሸዋውም በስተኋላው ይፈስ እንደነበር በአበው ታሪክ ይነገራል፤ የራሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ ሳያየው በሌላው ላይ ሊፈርድ መምጣቱን ማሳየቱ ነበር። ሙሴ ያንን ወንድም አልገሠጸም፤ ዳኞቹም ይቅር ብለው ተበተኑ።

እዚህ ላይ አንድ ወሰን መቀመጥ አለበት፤ ያለዚያ ትምህርቱ ለበደለኛ መሸሸጊያ ይሆናል። ድካምና ግፍ አንድ አይደሉም። ጾሙን መዝለቅ ያቃተው፣ ቁጣውን መግዛት ያልቻለ፣ ጸሎቱ የሚበተንበት ሰው ደካማ ነው፤ የጎረቤቱን ድንበር የገፋ፣ የወላጅ አልባውን ድርሻ የወሰደ፣ ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ግን ሌላውን ጎድቷል፤ የተጎዳው ሰው ካሣ ሳያገኝ የበዳዩን ዝክር ማብዛት መፍትሔ አይሆንም። ቀራጩ ዘኬዎስ ኢየሱስን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። በአካባቢው ባህልም ነፍስ ያጠፋ ሰው ካህናት መስቀል ይዘው፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ደም እስኪያደርቁ፣ ማለትም የገዳይንና የሟችን ወገን እስኪያስታርቁና ካሣ እስኪያስከፍሉ ድረስ በሰላም ወጥቶ አይገባም። ቤተ ክርስቲያን ኃጢአትን ይቅር ማለቷ ይህን ሥርዓት አያስቀርም። ጉድለትን መቀበል ማለት የራስን ድካም ማመን እንጂ በሌላው ላይ የደረሰውን ቁስል ማሳነስ ሊሆን አይችልም።

የተሟላ ነገር ሳይጠብቁ መጀመርን በተግባር ያሳዩ ሰዎች በዘመናችንም አሉ። በሰሜን ሸዋ ገጠር የተወለዱት ወይዘሮ አበበች ጎበና በሕፃንነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ተድረው ወደ አዲስ አበባ የሸሹ ሴት ነበሩ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሲሄዱ በወሎ ረሃብ መካከል የደረሱት ጥቂት ዳቦና ጠበል ብቻ ይዘው ነበር። የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አይተው ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ። የወላጅ አልባ ማሳደጊያ ድርጅት አልነበራቸውም፤ ቤተሰባቸው እንደ እብደት ቆጠረባቸው፤ ትዳራቸውም በዚህ ምክንያት ፈረሰ። ከዓመት ባነሰ ጊዜ ግን ልጆቹ ሃያ አንድ ሆኑ። እርሳቸው ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሕመም እስካረፉ ድረስ ብዙ ሺህ ልጆች በዚህ ጅማሬ ጥላ ሥር አልፈዋል። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልም ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው የሚለውን መፈክሩ ያደረገው ለበጎ ሥራ ሌላ ማዕረግ እንደማያስፈልግ ለመናገር ነው።

ለገጠሩ ግን አዲስ ድርጅት የግድ አያስፈልግም፤ ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር አሉት። ሰንበቴ ማለት አባላቱ ተራ በተራ ዳቦና ጠላ እያዘጋጁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር የሚቀማመሱበትና ድሃውንም የሚያበሉበት ነው፤ የጽዋ ማኅበር ደግሞ በወር አንድ ቀን በአንድ ቅዱስ ስም በየቤቱ የሚደረግ ነው። በሁለቱም ውስጥ የቆረበና ያልቆረበ ሰው አብሮ ይቀመጣል፤ የተጣሉ አባላት ጽዋው ከመነሣቱ በፊት እንዲታረቁ ይገደዳሉ። የእነዚህ ማኅበራት ጉድለት ችሮታው ብዙ ጊዜ በአባላቱ ዙሪያና በግብዣው ማዕድ ላይ መቅረቱ ነው። በሰከላ ግሽ ዓባይ በአቡነ ዘርዓ ብሩክ ጠበል ዙሪያ እንደሚሰበሰቡት ያሉ ሕሙማንና አስታማሚዎቻቸው፣ ወይም በየመንደሩ የተኙ አረጋውያን ማዕዱ ካለበት ቤት ሊመጡ አይችሉም።

ማኅበሩን ወደ እነዚህ ሰዎች ሊያደርስ የሚችለው የንስሐ አባት ነው። ቀኖና፣ ማለትም ለተናዘዘ ሰው የሚታዘዘው የንስሐ ሥራ፣ በተለምዶ ስግደት፣ ጾም፣ ጸሎትና ምጽዋት ነው፤ እነዚህ መቀነስ የለባቸውም። ሆኖም ምጽዋቱ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጉልበትም እንዲሆን ማዘዝ አባቱ ይችላል። በምዕራብ ጎጃም በሬ የሌላት ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን ብዙ ጊዜ በእኩል ታሳርሳለች፤ ይህም አራሹ በበሬውና በጉልበቱ ምርቱን ለሁለት የሚካፈልበት ውል ነው። በቆሎው በሚዘራበት ወቅት ከማኅበሩ ጥቂት ሰዎች በደቦ፣ ማለትም በጋራ ጉልበት፣ መሬቷን ቢያርሱላትና ዘሩን ቢሸፍኑላት፣ መኸር ሲደርስ ሙሉው እህል ወደ ጎታዋ ይገባል። ለእነዚህ ሰዎች ሥራው የአንድ ቀን ወይም የሁለት ቀን ነው፤ ለእርሷ ግን የብዙ ወራት ቀለብ ነው።